ወረቀት ላይ ግራኝ የሆነው አዝማሪ

«ሂላ፣ ቅቤውን ወዲህ ያሳልፍልኝ በይው ወንድምሽን» አለ ሉበርት። ወንድምየው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል፤ ሉበርት እጁን ቢዘረጋ አፍንጫውን መያዝ ይችላል። ሂላ ዳቦ መቁረጧን ሳታቋርጥ «ራይኒር፣ ቅቤውን» አለች። ራይኒርም ሳህኑን አንስቶ አየር ላይ እንደያዘ «በየትኛው እጁ እንደሚቀበለኝ ጠይቂልኝ፤ በቀኙ ነው ወይስ በግራው?» አላት። ይህችኛዋን ሂላ አላስተላለፈችም። ሳህኑን ራሷ ተቀብላ ባሏ ፊት ዱብ አደረገችውና፣ ጀልባዋ ልትነሳ ስለሆነ ሁለቱም ቶሎ ቶሎ እንዲበሉ ነገረቻቸው።

የእኛ ሰፈር ሰው ጠቡን ከነምክንያቱ ያውቀዋል። ሉበርት ሃርለም ከተማ ውስጥ ለሰርግ ከሚጠሩት አዝማሪዎች አንዱ ነው፤ ቫዮሊን ይመታል፣ ደህና አድርጎም ይመታል፤ ይህንን ከእኛ ይልቅ ራሱ ደጋግሞ ይናገረዋል። ራይኒር የሚስቱ ወንድም ነው፤ ፎቁ ላይ ባለችው ክፍል ሰም በተቀባ መዳብ ላይ በመርፌ እየጫረ፣ የጫረውን በአሲድ እያስበላ፣ በቀለም እያተመ ሥዕል ይሸጣል። ከፋሲካ በፊት አንድ ቀን ሉበርትን መስኮት ዳር አስቀምጦ ቫዮሊን ሲመታ ሣለው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የቀረው። ቦርጩ፣ ክርኑ ላይ የተቀደደ እጅጌው፣ ዜማው ሲጥመው የሚጨፍናት አንድ ዓይኑ ሳትቀር አለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መዳቡ ላይ በቀኝ ያለ ነገር ወረቀቱ ላይ በግራ ይወጣል። ይህንን የሚያውቅ ሠዓሊ ከመጀመሪያውም ገልብጦ ይጀምራል። ራይኒርም ያውቃል፤ ግን ያን ቀን ብርሃኑ ጥሩ ነበር፣ ቢራውም ጥሩ ነበር፣ እንዳየው አድርጎ ጫረው። የመጀመሪያው ወረቀት ከመዳቡ ሲላቀቅ ሉበርት ደጋኑን በግራ እጁ ይዞ ወጣ።

ሉበርት ሥዕሉን የየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስለጥፎ ስሙን ሊያስጠራ ነበር ሐሳቡ። ስሙስ ተጠራ፤ «ግራኙ» ተባለ። የዓሣ ተራ ልጆች ከኋላው እየተከተሉ በግራ እጃቸው አየሩን እንደ ቫዮሊን ይገዘግዙ ጀመር። አንዱ የመጠጥ ቤት ባለቤት የቢራውን ማንቆርቆሪያ እጀታውን ወደ ግራ አዙሮ አቀረበለት፣ ከልቡ ሊያስደስተው ብሎ። ሉበርት መዳቡ ይፋቅ አለ። ራይኒር፣ ወረቀቱ እንደ ትኩስ ዳቦ እየተሸጠለት፣ «እና ምን ልብላ?» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ፣ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። በመካከል ያለችው ሂላ ናት።

ነገሩን ያባሰው የጎረቤቷ ከተማ የላይደን ሰርግ ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ አሽከር በራቸውን አንኳኳ። ጌታው ክዊሪን የሚባል የላይደን ቢራ ጠማቂ ነው፤ ሥዕሉን ከገበያ ገዝቶ ከምድጃው በላይ ሰቅሎታል፤ ልጁን ሊድር ነውና ያንን ግራኝ አዝማሪ ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው አይሆንም፤ ሠዓሊውም ለእንግዶቹ የሚሸጥ ወረቀት ይዞ ይምጣ። በር የከፈተችው ሂላ ነበረች። «ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ባሌ ነው፤ ይመጣል» አለች። አልዋሸችም። ክፍያው ሉበርት ክረምቱን ሙሉ ዞሮ የማያገኘው ነው። ሉበርት ጮኸ፤ ከዚያ ጣሪያው ሥር ገብቶ ቫዮሊኑን በቀኝ ደጋኑን በግራ ይዞ መለማመድ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን የጎን ቤቷ ባልቴት መጥታ፣ የአሳማ ማረጃው ወር ገና ሳይደርስ ምን እያረዳችሁ ነው ብላ ጠየቀች።

በዚያ በጉዞው ቀን ጠዋት፣ ቁርሱ እንዳበቃ፣ ሂላ ጉንጯን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጥርሷን እንዳመማት ተናገረች። «አብሬያችሁ መምጣት አልችልም። እንግዲህ ቃል መለዋወጥ ካስፈለጋችሁ ራሳችሁን ቻሉ» አለቻቸው። እነሱ የቦዩን ማዕዘን ከታጠፉ በኋላ በራፏ ላይ ተቀምጣ አረንጓዴ ፖም ስትገምጥ አይተናታል።

በቦዩ ዳር የሚሄድ ፈረስ የሚጎትታት ጀልባ ጠባብ ናት። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አግዳሚ ላይ በተቻላቸው መጠን ተራርቀው ቢቀመጡ፣ በመካከላቸው የቀረችውን ቦታ በጭስ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ከነቅርጫቷ ያዘቻት። ገና ከከተማው በር እንደወጡ ሉበርት ከልማዱ የተነሳ «እመቤት፣ ያ ሰውዬ እግሩን ከቫዮሊኔ ላይ ያንሳ በይልኝ» አላት። ሴትየዋ ወደ ራይኒር ዞረች።

«እግርህን አንሳ ይልሃል። ደግሞ ጫማህ ይሸታል።»

«ሁለተኛዋን እኔ አላልኩም» አለ ሉበርት።

«እኔ ነኝ ያልኩት። በነጻ ነው የጨመርኩልህ።»

ራይኒር እግሩን አነሳና «ዛሬ እዚያ ሰርግ ላይ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቂልኝ» አላት። ሉበርት ጣቴን አሞኛል ሊል እንዳሰበ ነገራት፤ የትኛውን ጣት ብላ ያፋጠጠችው እሷው ናት። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ከሁለቱም አፍ በየተራ ሰማች። ሰምታ ስትጨርስ ቅርጫቷን አቅፋ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ጀልባዋ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። «እናንተ ባልና ሚስት ብትሆኑ ይሄኔ ተፋትታችሁ ነበር» አለቻቸውና መንገድ አጋማሽ ላይ ወረደች። ቦታዋ ባዶ ቀረ። ራይኒር አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሉበርት ጆሮውን ቀሰረ፤ ግን ሳል ብቻ ሆኖ ቀረ። እስከ ላይደን ድረስ አንዱ የቀኙን ዳር ላሞች፣ ሌላው የግራውን ዳር ላሞች ሲያይ ሄደ።

የክዊሪን ቤት ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የብቅል ሽታ የጠገበ ነው። ትልቁ ክፍል ውስጥ ከሙሽራዋ ወንበር በላይ ከቅጠልና ከወረቀት አበባ የተሠራ አክሊል ተንጠልጥሏል፤ ጠረጴዛዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፤ ከምድጃው በላይ በጥቁር ክፈፍ ውስጥ ሉበርት ራሱ በግራው እየመታ ቁልቁል ያየዋል። ክዊሪን ቀይ ፊት ያለው ግዙፍ ሰው ነው። ሉበርትን ክንዱን ይዞ ወደ ብቅል ክፍሉ ወሰደውና በሩን ዘጋ።

«ለምን እንዳስመጣሁህ ልንገርህ» አለው። «ልጄ ዮሲና እንዳንተው ግራኝ ናት። እናቷ ሞታብኝ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ስለ እጅ ማን አስቦ ያውቃል? በየትኛውም ትብላ፣ ብቻ ትብላልኝ አልኩ። ባለፈው ወር የሙሽራው እናት፣ ወይዘሮ ማክተልድ፣ እራት መጣች። ዮሲና ሾርባ ስትቀዳላት አየቻትና ሳህኑን መለሰችው። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ መለሰችው ብቻ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሰው ፊት አትበላም። አንተን ገበያ ላይ ተሰቅለህ ሳይህ፣ በቃ ይሄ ነው አልኩ። ይስሙህ። ግራ እጅ ምን መሥራት እንደሚችል በገዛ ጆሯቸው ይስሙ።» ትልቁ ሰውዬ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ሉበርት «ጌታዬ፣ እኔ እኮ በቀኜ ነው የምመታው» ለማለት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «እሞክራለሁ ጌታዬ» ነው።

ምሳው ቀረበ። መጀመሪያ የጨው ዓሣ፣ ከዚያ የአሳማ ጭን፣ ቅመም የገባበት የሙሽራ ወይን። ዮሲና ከአክሊሉ ሥር ተቀምጣ እንጀራ ልጅ እንጂ ሙሽራ አትመስልም፤ ሳህኗ እንደተሞላ ነው። ሙሽራው ከጎኗ አንዴ እሷን አንዴ እናቱን ያያል። ወይዘሮ ማክተልድ ከፊት ለፊት ጥቁር ለብሳ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚያክል ነጭ የደረቀ አንገትጌ አድርጋ ቀጥ ብላለች፤ ጭንቅላቷ ሳህን ላይ የቀረበ ይመስላል። ክዊሪን ብርጭቆውን በቢላ መታና «አዝማሪ!» አለ። ሉበርት ቫዮሊኑን በቀኝ ትከሻው ላይ አስቀመጠ፣ ደጋኑን በግራው አነሳ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ቀላል ዜማ መረጠና ጀመረ።

ራይኒር ሲያወራው ድምፁ ዝገት የበላው የከተማ በር ሲከፈት የሚሰማው ነበር ይላል። ሉበርት ሲያወራው ደግሞ ያን ያህል አልከፋም፣ በር ቢሆንም ዘይት የነካው በር ነው ይላል። በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የቤቱ ውሻ ተነስቶ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ማክተልድ ድምጿን ሳታነሳ፣ ግን ጠረጴዛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «እንግዲህ የግራ እጅ ሥራው ይኸው ነው» አለች። ዮሲና ሹካም ማንኪያም ያልያዘውን ግራ እጇን ቀስ አድርጋ ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር ከተተችው። ክዊሪን ወደ ቢራው አጎነበሰ።

ሉበርት ሰካራም የወረወረው ዳቦ ግንባሩን መትቶት መጫወቱን ያላቆመ ሰው ነው፤ ስድብ አይሞቀውም አይበርደውም። ያቺ ከጨርቁ ሥር የገባች እጅ ግን አላስቻለችውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልታዘዝ ካለው እጁ ጋር ሲታገል፣ ሂላ ደረጃውን ስትወጣ በሰማ ቁጥር ቫዮሊኑን ከኋላው ይደብቅ ነበር፤ ማፈር ምን እንደሆነ ያውቃል። ደጋኑን ወደ ላይ አንስቶ አቆመ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ!» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሕጉን ሳልነግራችሁ ጀመርኩ። እኛ ሃርለም ግራኝ አዝማሪ ሲመታ ማንም ሰው በቀኝ እጁ አይበላም፣ አይጠጣም። ቀኝ ከተነሳ ቫዮሊኑ ይታመማል። እንዴት እንደሚያቃስት ሰማችሁት አይደል? ቀኙን ያነሳ ሰው ተነስቶ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ ያኔ ቫዮሊኑ ይሻለዋል።»

ሃርለም ተወልዶ ሃርለም ያደገው፣ እንዲህ ያለ ሕግ በሕልሙም ሰምቶ የማያውቀው ራይኒር፣ ወረቀቶቹን ወዲያ ጥሎ በርጩማ ላይ ዘለለና «እውነቱን ነው! ዳኛው ደግሞ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ክዊሪን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። በዚያው ቅጽበት፣ ሰው ሊስቅ ሊቆጣ ገና ሳይወስን፣ ከኩሽና ቀረፋ የተነሰነሰበት ቢጫ የሩዝ ገንፎ በየሳህኑ ገባ፤ የሚበላው በማንኪያ ነው፤ ቀጭን ነው፤ ትኩስ ነው።

የሆነውን ላይደን ውስጥ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ማንኪያው ወደ አፍ ሲሄድ ጆሮ ያገኛል። ወይኑ በአገጭ ይወርዳል። አንዲት አክስት ለራሷ ያነሳችውን ለጎረቤቷ አጎረሰች። ጢሙ ላይ ሩዝ የተንጠለጠለበት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሳያስበው በቀኙ መሐረብ ቢያወጣ ራይኒር «ዶሮ!» አለ፤ ሰውዬው መሐረብ ምግብ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ ዳኛው አልሰማም፤ ሽማግሌው ተነስቶ ጮኸ፤ እንዲያውም ደህና አድርጎ ጮኸ፤ ሁለተኛ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ደገመው። ሉበርት ይህ ሁሉ ሲሆን በግራው ይገዘግዛል፤ ጩኸቱ ውስጥ ዜማውን የሚሰማ የለም። ዮሲና መጀመሪያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ እጇ ከጨርቁ ሥር ወጣች። ማንኪያዋን አነሳችና፣ ያ ሁሉ ሰው ሲንጠባጠብ፣ እንደ ንግሥት ቀስ ብላ በላች። ሙሽራው አገጩ ቢጫ ሆኖ ትክ ብሎ ሲያያት ቆየና ጠጋ ብሎ «እባክሽ፣ እንዴት ነው የሚያዘው?» አላት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለችለት።

ወይዘሮ ማክተልድ ብቻ ሁለት እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ወንድሟ ኦቶ፣ ጥርስ የሌለው ደስተኛ ሽማግሌ፣ ሸሚዙ ላይ የፈሰሰውን በጣቱ እየላሰ «እህቴ፣ ትበያለሽ ወይስ ትጮኺያለሽ?» አላት።

«የሕፃን ጨዋታ» አለች።

ዳኛው የማይበላም ይጮኻል ብሎ ፈረደ። ወይዘሮዋ እንደ ትኋን አየችው። ከዚያ ማንኪያውን በግራዋ አነሳች። ቤቱ ሁሉ ያንን ነጭ አንገትጌ እያየ ትንፋሹን ዋጠ። ማንኪያው ገንፎው ውስጥ ገባ፣ ሞልቶ ወጣ፣ ያንን ሁሉ አንገትጌ ተሻግሮ ሳይንቀጠቀጥ አፏ ውስጥ ገባ። አንድ ሩዝ አልወደቀም። ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛውን ስታነሳ ዝምታው ለራሷ ተሰማትና እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው።

«ማክተልድ» አለ ኦቶ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጥፊ መታ። «ረስቼው! አምላኬ፣ ጭራሽ ረስቼው! እናታችን ይህችን እጅሽን በሽርጧ ማሰሪያ ከወገብሽ ጋር ታስራት ነበር እኮ! እያለቀስሽ በቀኝሽ ስትበይ፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ እፈታልሽ ነበር!»

«ኦቶ፣ ዝም በል።»

«እማዬ?» አለ ሙሽራው። ልጇ ሆኖ ስንት ዓመት አብሯት ሲበላ ይህንን አያውቅም።

ወይዘሮ ማክተልድ ማንኪያውን አላስቀመጠችም። ዮሲናን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየቻት፤ ልጅቷም አላቀረቀረችም። «ያን ቀን ሾርባውን የመለስኩት» አለች በመጨረሻ፣ «ጨው በዝቶበት ነው።» ጨው እንዳልበዛበት ሰው ሁሉ ያውቃል። ክዊሪን ወዲያው ተነስቶ ልክ ነው፣ የገባበት ጨው ለአንድ በርሜል ዓሣ ይበቃ ነበር ብሎ ማለ። ወይዘሮዋ ሦስተኛውን ጉርሻ ጎረሰች፤ በግራዋ።

ጠረጴዛው ተነስቶ ጭፈራ ሲጀመር፣ ሉበርት ማንም በማያየው ቅጽበት ወደ ግድግዳው ዞር አለና ቫዮሊኑን ወደሚያውቀው ትከሻ መለሰ። ከዚያ በኋላ የመታውን የሰሙ፣ ላይደን እንዲህ ዓይነት ቫዮሊን ሰምታ አታውቅም ይላሉ። ዓይኑ ተጨፈነች፤ ክርኑ ተከፈተ፤ ወለሉ ተናጋ። እንግዶቹ የራይኒርን ወረቀት ተሻሙ፤ ሥዕሉንና ሰውዬውን አስተያይቶ እጁ የትኛው ነው ያለ አልነበረም። ዓይኑን ሲከፍት ግን ጥቁር ቀሚስ ፊቱ ቆሟል።

«ደጋኑ እጅ ለውጧል» አለች ወይዘሮ ማክተልድ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል።

የሉበርት ጣት ክሩ ላይ ደረቀ። «እመቤቴ፣ እኔ…»

«ዕድሜዋን ሙሉ ያስመሰለች ሴት ፊት ቆመህ ነው የምታስመስለው? ገና ስትጀምር ነው ያወቅኩብህ። ግራኝ ሰው በግራው ሲሠራ እንዲህ አያልበውም።»

«ለጌታዬ ለክዊሪን ይነግሩብኛል?»

«እንደ አጨዋወትህ ነው» አለች። «ፈጠን ያለ ምታ። ኦቶ እንደሁ ቀርፋፋ ነው፤ ትንሽ ላሯሩጠው።» እናም ከወንድሟ ጋር ጨፈረች፤ አንገትጌው ከጎን ወደ ጎን እየዘመመ።

ወደ ምሽት ገደማ ሙሽሮቹ ደከሙ። እንግዳው ግን አልሄድም አለ። የሙሽራው አጎቶች በርሜሉን ከበው ፒፓቸውን ለኩሰው ስለ ገብስ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ፤ ዶሮው ሽማግሌ በጠየቀውም ባልጠየቀውም ሰው ፊት ይጮኻል። ክዊሪን ጋባዥ ነውና ማባረር አይችልም። ወይዘሮ ማክተልድ ከክፍሉ ማዶ የሉበርትን ዓይን ፈልጋ አገኘችና፣ ጣቷን አንስታ ከቀኝ ወደ ግራ አሻገረቻት።

ሉበርት ገባው። ቫዮሊኑን ገለበጠ፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን ግራ እጁ ውስጥ ጨመረ፤ ጀመረ። ቀድሞ የወጣው ውሻው ነው። ቀጥሎ ሽማግሌው የማታ ጸሎቱ ትዝ አለው። አክስቶቹ ጀልባ ያመልጠናል አሉ፤ ቤታቸው ግን ማዶ ነው። አጎቶቹ ለትንሽ ጊዜ ጥርሳቸውን ነክሰው ተቀመጡ፤ ሉበርት ወደ ቀጭኑ ክር ሲሻገር ፒፓቸውን አራግፈው ተነሱ። ራይኒር በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ባርኔጣውን እያቀበለ፣ እያጎነበሰ፣ በሰላም ግቡ ይላል። የመጨረሻው ከወጣ በኋላ አንገቱን ወደ ጓዳው አሰገገና ተመለሰ።

«ሉበርት» አለ። «አንዱ ጓዳ ተደብቋል። አንድ ጊዜ ድገማት።»

ሉበርት ትንሽ አየው። «አንተ ሣልከኝ፣ አንተው ስማኝ እንግዲህ» አለና ደጋኑን በግራው አነሳ።

ከአክሊሉ ሥር፣ ጨርቁ የተጨማደደ ጠረጴዛ ላይ፣ ወይዘሮ ማክተልድና ዮሲና የቀዘቀዘውን የሩዝ ገንፎ ሳህን መካከላቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ሁለቱም በግራቸው ይበላሉ፤ አይቸኩሉም። ወይዘሮዋ በቀኝ እጇ አንደኛውን ጆሮዋን ደፍና አማትነቷን ሳትረሳ አንድ ነገር አለቻት፤ ልጅቷ ማንኪያዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ሳቋ አመለጣት፤ ገንፎውም በዚያ ነጭ አንገትጌ ላይ ሄዶ ተዘረገፈ። ሁለቱም አዩት። ወይዘሮ ማክተልድ በጣቷ ጠረገችውና ቀመሰችው።

«ይሄስ ጨው አንሶታል» አለች።